የስድስት ዓመት የባሕር ሙቀት መዝገብ በአንድ ቀን 0.3 ዲግሪ ዘለለ፦ የተለወጠው ባሕሩ ነው ወይስ መሣሪያው?

ጠላቂ ዘኤይላት

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በእስራኤል ከተማ በኤይላት ነዋሪ ነኝ። ከጥቂት ጠላቂ ጓደኞቼ ጋር በበጎ ፈቃድ የባሕሩን ሙቀት መከታተል ከጀመርን ስድስት ዓመት አልፎናል። ከባሕሩ ዳር ወደ ጥልቁ በሚወርደው የኮራል ተዳፋት ላይ በ5፣ በ10 እና በ20 ሜትር ጥልቀት አንድ አንድ የሙቀት መዝጋቢ አስረናል። መዝጋቢው ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ባትሪውና ማኅደረ ትውስታው ውሃ በማያስገባ ቅርፊት ውስጥ የታሸገ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ የውሃውን ሙቀት ለክቶ ያስቀምጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ ጠልቀን እናወጣቸዋለን፤ የያዙትን መረጃ ወደ ኮምፒውተር ከገለበጥን በኋላ የለበሱትን አልጌና የተጣበቀባቸውን ቅርፊት ፍቀን ወደ ቦታቸው እንመልሳቸዋለን።

ችግሩ የመጣው ባለፈው ጥቅምት ነው። የአሮጌዎቹ ባትሪ እየደከመ ስለ መጣ ሦስቱንም በአንድ ቀን አንሥተን የሌላ አምራች ሥሪት በሆኑ አዳዲሶች ተካናቸው። በዚህ መጋቢት መረጃውን አውጥቼ በሥዕል ሳስቀምጠው፣ መስመሩ ልክ በተተኩበት ሰዓት ላይ ደረጃ እንደ ወጣ ሰው ወደ ላይ ተነሥቶ አገኘሁት። ከመተካቱ በፊት የነበረውን ሳምንትና ቀጥሎ የመጣውን ሳምንት ሳነጻጽር፣ ውሃው መቀዝቀዝ በሚገባው ወቅት በ10 እና በ20 ሜትር 0.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል፣ በ5 ሜትር ደግሞ ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጭማሪ ይታያል። አንዳንድ ጓደኞቼ ሥዕሉን «ባሕራችን በፍጥነት እየሞቀ ነው» ከሚል ርእስ ጋር በክበባችን ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ቸኩለዋል። ባሕሩ እየሞቀ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ይህ ሥዕል ግን ለዚያ ምስክር ሆኖ መቆም ይችላል ብዬ ለመፈረም እጄ አልታዘዘልኝም።

የ10 እና የ20 ሜትሩ አሮጌ መዝጋቢዎች በመሳቢያዬ ውስጥ አሉ፤ ባትሪያቸውም ገና አልሞተም። የ5 ሜትሩ ግን ስናወጣው ከእጃችን አምልጦ ወደ ጥልቁ ወርዷል። ተዳፋቱ እዚያ ላይ ገደል ስለሆነ አልተከተልነውም።

ሌላም ጣጣ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት መሣሪያዎቹ የወጡበትንና የገቡበትን ጊዜ የመዘገቡልን አንድ አባት ነበሩ። ማስታወሻቸው እጅግ ንጹሕ ነው፤ ሆኖም ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ነው። «ኅዳር 12 ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብለው ይጽፋሉ። መሣሪያው ደግሞ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት (UTC) ነው። አሁን መጠየቅ አልችልም፤ አርፈዋል። ዝላዩ ከየት እንደ መጣ እንዴት ልለይ? ማስታወሻውንስ ከመሣሪያው ሰዓት ጋር እንዴት ላስታርቅ?

የማርሴይ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። በደቡብ ፈረንሳይ በዚሁ ሙያ የምማር ሰው ነኝና የማውቀውን ላካፍልዎ።

አስቀድመው የአምራቾቹን ወረቀት ይመልከቱ። በዚህ የዋጋ ደረጃ ያሉ መዝጋቢዎች ትክክለኛነት ብዙውን ጊዜ ±0.2 ዲግሪ ነው። እንግዲህ አንዱ መሣሪያ 0.2 ዝቅ አድርጎ፣ ሌላው 0.2 ከፍ አድርጎ ቢያነብ ሁለቱም የገቡትን ቃል አላፈረሱም፤ በመካከላቸው ግን 0.4 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል። ስለዚህ የእርስዎ 0.3 ባሕሩ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳይሞቅ ሊመጣ የሚችል ቁጥር ነው። ±0.002 ዲግሪ ድረስ የሚያነቡ መሣሪያዎችም ይሸጣሉ፤ በአንዱ ዋጋ ግን ብዙ ትንንሾችን መግዛት ስለሚቻል፣ በዳርቻ ሥራ ላይ ትንንሾቹን አብዝቶ ልካቸውን በጥንቃቄ መፈተሽ የተሻለ ሆኖ ይታየኛል።

ፈተናው እንዲህ ነው። የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሣጥን ይውሰዱና ከንጹሕ ውሃ የተሠራ፣ በደንብ የተፈጨ በረዶ ይሙሉበት፤ ክፍተቱን የሚሞላ ጥቂት ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩ። ጨው የነካው እቃ እንዳይገባበት ይጠንቀቁ፤ ጨው የበረዶውን መቅለጫ ነጥብ ዝቅ ስለሚያደርገው ፈተናው ይበላሻል። መዝጋቢዎቹን መሐል ቀብረው፣ አልፎ አልፎ እያማሰሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይተዉአቸው። ትክክለኛው ንባብ 0 ስለሆነ ከዚያ የራቁበት መጠን ስሕተታቸው ነው። ነገር ግን በዚህ ብቻ አይርኩ። የእርስዎ ባሕር በክረምት ወደ 21፣ በበጋ ወደ 27 እና 28 ዲግሪ የሚመላለስ ነውና፣ በዜሮ ላይ የታየው ስሕተት በ25 ዲግሪም ያው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። በሌላ ሣጥን ውስጥ 25 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ሞልተው አሮጌዎቹንም አዲሶቹንም አንድ ላይ አስረው ይንከሩ፤ ውሃውን ሳያቋርጡ ያማስሉት። ተቆራኝተው የተነከሩ መሣሪያዎች የሚያሳዩት ልዩነት የራሳቸው እንጂ የውሃው ሊሆን አይችልም።

እርስዎ ደግሞ እኛ በሜዲትራኒያን የማናገኘው ዕድል አለዎት። የአቃባ ባሕረ ሰላጤ እስከ 1,800 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ቢሆንም ጥልቁ ውሃ እንኳ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። በመግቢያው፣ በቲራን የባሕር ወሽመጥ ያለው ጥልቀት የሌለው ደፍ የውቅያኖሱን ቀዝቃዛ ጥልቅ ውሃ ይከለክላል። በዚህም የተነሣ በክረምት የላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝ በቀላሉ ወደ ታች ይሰምጥና ባሕሩ በመቶዎች ሜትር ጥልቀት ድረስ ይደባለቃል። በፊሊፒንስ ያለው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አየሩን ባቀዘቀዘበት ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ክረምት፣ ድብልቁ ከ850 ሜትር አልፎ ነበር፤ ከጥልቁ የወጣው ንጥረ ምግብ አልጌውን አብዝቶ ብዙ ኮራል እንደ ገደለም በጊዜው ተጽፏል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ በጥርና በየካቲት ነፋሻማ ሌሊቶች በ5፣ በ10 እና በ20 ሜትር ያለው ውሃ በተግባር አንድ ነው። በእነዚያ ሌሊቶች ሦስቱ መዝጋቢዎች የሚለያዩ ከሆነ የሚለያዩት እነርሱ ናቸው። ባሕሩ ራሱ በዓመት አንድ ጊዜ የመፈተኛ ገንዳ ያበጅልዎታል ማለት ነው። ይሁንና ይህ ፈተና በአንድ ወቅት አብረው የሰመጡትን እርስ በርስ ያነጻጽራል እንጂ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አያገናኝም።

ለዚያ ድልድይ ያስፈልግዎታል፤ በተለይ ለጠፋው የ5 ሜትር መሣሪያ። በከተማዎ ያለው የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የባሕር ሳይንስ ተቋም የባሕሩን ሙቀት በቋሚነት ይለካል፤ መረጃውንም ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል። ከራስዎ ንባብ የእነርሱን ንባብ ይቀንሱ፤ ከዚያም ልዩነቱን ከመተካቱ በፊትና በኋላ ላሉት ሁለት ሁለት ወራት ይሳሉት። ባሕሩ በእውነት ሞቆ ከሆነ የእነርሱም ይሞቃልና ልዩነቱ አይንቀሳቀስም። መሣሪያው ከሆነ ግን ደረጃው በልዩነቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አንድ ሳምንትን ከአንድ ሳምንት ጋር ማነጻጸር አይበቃም፤ እዚህ እኛ ጋር ሚስትራል የሚባለው ነፋስ የላይኛውን ሙቅ ውሃ ከዳርቻው ገፍቶ ሲወስደው ከታች የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ በሰዓታት ውስጥ ሙቀቱን በብዙ ዲግሪ ያወርደዋል። እንዲህ ያለ ክስተት ከሁለቱ ሳምንታት በአንዱ ብቻ ቢገባ ንጽጽሩ ትርጉም ያጣል።

የሚገርመኝ ስለ 5 ሜትሩ የጠቀሱት «ጥቂት የሚበልጥ» የሚለው ነው። ሌሊቱን ብቻ ለይተው ያስሉት። ጭማሪው ሌሊት እንደ ሌሎቹ ሆኖ ቀን ላይ ብቻ የሚያብጥ ከሆነ፣ ፀሐይ የመሣሪያውን ቅርፊት እያሞቀችው ነው። ጥርት ባለና በተረጋጋ ጥልቀት የለሽ ውሃ ውስጥ ይህ የታወቀ ስሕተት ነው። አዲሱ መዝጋቢ ምን ዓይነት ቀለም አለው? ጥላስ አድርጋችሁለታል?

ባሕረኛው

ልጄ፣ በወጣትነቴ ከምጽዋና ከአሰብ በሚነሡ መርከቦች ላይ ሠርቻለሁ። የባሕሩን ሙቀት እንለካ የነበረው በባልዲ ነው። ባልዲውን በገመድ ወደ ባሕሩ ጥሎ መሳብ፣ ቴርሞሜትሩን መንከር፣ ማንበብ፣ መጻፍ። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ባልዲው ሸራ ከሆነ ውሃው በጎኑ እየተነነ፣ በተለይ ነፋስ ባለበት ቀን፣ ቴርሞሜትሩ ሳይረጋ ይቀዘቅዛል። ጥላ ስር የቆመ ሰውና ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው አንድ ቁጥር አያነቡም። ከዚያ በኋላ በገባሁበት መርከብ ደግሞ ንባቡ የሚወሰደው ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ከሚገባው ውሃ ነበር፤ እሱም በሞተር ክፍሉ ሙቀት ከፍ ይላል።

ይህን የማነሣው ለትዝታ ብቻ አይደለም። በዓለም የባሕር ሙቀት መዝገብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ወደ 0.3 ዲግሪ የሚጠጋ ድንገተኛ ቅነሳ ለረጅም ጊዜ ሰዎችን ሲያደናግር ኖሯል። በጦርነቱ ዓመታት አብዛኛው ንባብ ከአሜሪካ መርከቦች የሞተር ውሃ ይመጣ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ግን በባልዲ የሚለኩት የእንግሊዝ መርከቦች ድርሻ በፍጥነት አደገ። ባሕሩ አልቀዘቀዘም፤ የለኪው እጅ ተለወጠ እንጂ። ቁጥሩ ከአንተ ቁጥር ጋር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ሦስቱን መሣሪያዎች በአንድ ቀን መለወጣችሁ በትንሹ የ1945ን ሥራ መሥራታችሁ ነው።

ስለ ሟቹ ወንድማችን ማስታወሻ፦ ነፍሳቸውን ይማር፤ ንጹሕ ጽሑፍ ትተውልሃል። ኅዳር 12 ቀን በአብዛኛው ዓመት የፈረንጆቹ ኖቬምበር 21 ነው። ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ማግሥት በሚጀምረው ዓመት ግን ኖቬምበር 22 ይሆናል፤ ይህ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ የካቲት ድረስ ይዘልቃል። በሰዓቱም ረገድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት እናንተ ዘንድ 9 ሰዓት ነው፤ ይህ በክረምት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት 7፣ በበጋ ሰዓታችሁን ወደፊት ስታዞሩ ደግሞ 6 ሰዓት ይሆናል። እኔ መርከብ ላይ ሳለሁ ስንት ጊዜ በዚህ ተምታትቼ የአዛዡን ቁጣ ቀምሻለሁ።

ቀመር

አዲስ አበባ ሆኜ ከአየር ጠባይ መረጃ ጋር የምውል ሰው ነኝ፤ ባሕር ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ መዝገቡ አያያዝ ብቻ ልናገር።

ጋሼ ባሕረኛው ያስቀመጡት የሰዓት ስሌት ትክክል ነው፤ ግን ስሌቱን ማመን ሳያስፈልግ ማረጋገጥ ይቻላል። መዝጋቢው ከውሃ ወጥቶ ጀልባ ላይ ሲቀመጥ መለካቱን ስለማያቆም፣ በመረጃው ውስጥ ሙቀቱ በድንገት ወደ አየሩ ሙቀት የሚዘልበትን ቦታ ያገኛሉ። ያንን ቦታ በማስታወሻው ላይ «ወጣ» ተብሎ ከተጻፈው ሰዓት ጋር ያጋጥሙት። በየሰዓቱ ስለምትለኩ ከአንድ ሰዓት የተሻለ ትክክለኛነት አያገኙም፤ የስድስት ሰዓትን ወይም የአንድ ቀንን ስሕተት ግን ወዲያው ያጋልጣል። እነዚህን የአየር ንባቦች ከአማካዩ ውስጥ ማውጣትዎንም አይርሱ፤ ሁለት ሰዓት የሐምሌ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ መዝጋቢ የወሩን ከፍተኛ ሙቀት ብቻውን ያበላሸዋል።

እርማቱን በተመለከተ አጥብቄ የምጠይቅዎ አንድ ነገር አለ። ከመሣሪያው የወጣውን ፋይል እንደ ወጣ ይተዉት፤ በላዩ ላይ አይጻፉበት። የታረመው ንባብ በሌላ ዓምድ ይቀመጥ፤ ከጎኑም የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ የእርማቱ መጠንና የተፈተሸበት ቀን ይጻፍ። ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ከእርስዎ የተሻለ እርማት ሊያገኝ ይችላልና የእርስዎን ነቅሎ የራሱን የሚተክልበት መንገድ ክፍት ይሁንለት።

የግድግዳው ሥዕል ጉዳይ፦ ስድስት ዓመት ስለ አዝማሚያ ለመናገር አጭር ነው። «የባሕር የሙቀት ማዕበል» የሚባለው እንኳ በተለመደው አበያየን ከወቅቱ ንባቦች ከመቶ ዘጠናውን የሚበልጥ ሙቀት አምስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው፤ ያ «ወቅቱ» የሚሰላው ደግሞ ቢቻል ከ30 ዓመት መዝገብ ነው። በካሊፎርኒያ ላ ሆያ፣ ከስክሪፕስ የምርምር ተቋም መድረክ ላይ የባሕሩ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ በየቀኑ ይለካል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ከ1931 ጀምሮ የቆየው የሙቀት ክብረ ወሰን ሲሰበር ነገሩ ዜና የሆነው ከኋላው የመቶ ዓመት መዝገብ ስለ ነበረ ነው።

ጠላቂ ዘኤይላት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጋሼ ባሕረኛው፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሁለት ሳምንት ወስጄ የተባልኩትን አድርጌያለሁ።

በበረዶው ሣጥን ውስጥ አሮጌዎቹ ከዜሮ በታች አነበቡ፤ የ10 ሜትሩ በ0.12፣ የ20 ሜትሩ በ0.10። አዲሶቹ ሁለቱም 0.09 ከፍ አድርገው አነበቡ። በሞቀው ውሃ ውስጥም ልዩነታቸው ከዚህ እምብዛም አልራቀም። እንግዲህ አንዳቸውም ከ±0.2 አልወጡም፤ በመካከላቸው ግን 0.2 ዲግሪ ገደማ አለ። ከተቋሙ መረጃ ጋር ሳነጻጽረው የቀረው 0.1 የባሕሩ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ ሳምንት የእነርሱም ንባብ ያን ያህል ከፍ ብሏል።

የ5 ሜትሩ ነገር ደግሞ የተማሪው ጥርጣሬ እንዳለ ሆኖ ተገኘ። ሌሊት ልዩነቱ እንደ ሌሎቹ ነው፤ ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ ግን ያብጣል፤ ደመና በዋለባቸው ቀኖች ደግሞ እብጠቱ የለም። አሮጌው ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነበር። አዲሱ መጠኑ ስለማይገባ እኔው ራሴ በፕላስቲክ ማሰሪያ ያለ ጥላ አስሬዋለሁ፤ ቀለሙም ጥቁር ነው። በማስታወሻችን ላይ ይህ አልተጻፈም። እኚያ አባት ቢሆኑ ይጽፉት ነበር።

የሰዓቱም ጉዳይ ተፈታ። ከተገኙት ስድስት የ«ወጣ» ጊዜዎች አምስቱ ከአየሩ ዝላይ ጋር ገጠሙ። ስድስተኛው በአንድ ሰዓት ይስታል፤ ቀኑ የበጋ ሰዓት በተጀመረበት ሳምንት ላይ ወድቋል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ለ5 ሜትሩ የቀን ንባብ ምን እርማት ልስጥ?

የማርሴይ ተማሪ

እርማት አይስጡት። የፀሐዩ ስሕተት በደመናው፣ በማዕበሉና በውሃው ጥራት ስለሚለዋወጥ አንድ ቁጥር አይወክለውም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ላለው ጊዜ የቀን ንባቡን «አጠራጣሪ» ብለው ምልክት ያድርጉበት፤ የሌሊቱን ብቻ ይጠቀሙ። አዲሱን በሰፊ ነጭ ቱቦ ውስጥ፣ ውሃ በሚገባ እንዲዘዋወር ሁለቱ ጫፎች ክፍት ሆነው ይሰሩት።

የ10 ሜትሩን አሮጌ መዝጋቢ ደግሞ ባትሪው እስኪሞት ድረስ ከአዲሱ ጎን እሰሩት። ወደፊት ሲተኩ በዓመት ከአንድ በላይ አይተኩ፤ አሮጌውና አዲሱም ቢያንስ ጥቂት ወራት አብረው ይቆዩ። በዓመት ሁለት ጊዜ የምታወጡ ከሆነ በየሰዓቱ መለካትም ሆዳችሁን አያጠግብም። 42,000 ንባብ የሚይዝ ማኅደረ ትውስታ በየ10 ደቂቃው ቢመዘግብ 291 ቀን ይበቃል፤ በበጋ ከታች እየወጡ የሚመለሱት ቀዝቃዛ ሞገዶች በሰዓት አንድ ንባብ ብቻ ከወሰዳችሁ ያመልጧችኋል። ለውጡን ያደረጋችሁበትን ቀን ግን በማስታወሻው ላይ ይጻፉት።

ጠላቂ ዘኤይላት

ዓርብ ጠዋት እንጠልቃለን። ነጭ ቱቦው ተቆርጦ ተዘጋጅቷል፤ አሮጌውም የ10 ሜትር መዝጋቢ ወደ ቦታው ይመለሳል። የግድግዳው ሥዕል ለጊዜው ቀርቷል፤ በምትኩ የበረዶውን ፈተና ፎቶግራፍ ለጥፈናል። የ5 ሜትሩን አሮጌ ለማግኘት አንድ ጊዜ እስከ 38 ሜትር ወርጄ ነበር፤ አላየሁትም። ባትሪው ካልሞተ እዚያው ሆኖ አሁንም በየሰዓቱ እየመዘገበ ይሆናል።